የጎ ቱ ሙግት፦ ከርዕሱ በታች የተጻፈው

በማርች 1968 ኤ.ሲ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር በሚያሳትመው ወርኃዊ መጽሔት፣ ገጽ 147 እና 148 ላይ፣ ለአዘጋጁ የተላከ አጭር ደብዳቤ ወጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ላኪው በሆላንድ የአይንድሆቨን ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ የሚያስተምረው ኤድስኸር ዳይክስትራ ነበር። ርዕሱ ጎ ቱ የተባለው ትእዛዝ ጎጂ ነው የሚል ነው። ደብዳቤው ሁለት ገጽ አይሞላም፤ ያስነሣው ክርክር ግን ሃያ ዓመት ቆይቶም አልበረደም።

ስለዚህ ክርክር በቃል የሚወራው ታሪክ አጭር ነው። አንድ ቁጡ ፕሮፌሰር አንድን ትእዛዝ አወገዘ፤ ግማሹ ተከተለው፣ ግማሹ ተነሣበት። ወረቀቶቹ ራሳቸው ሲነበቡ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሐሳቡን ያመነጩትና ጠለቅ ብለው የመረመሩት ሰዎች፣ ከተከታዮቻቸውም ከነቃፊዎቻቸውም ይልቅ የሐሳቡን ወሰን አስተውለው ይናገሩ ነበር። ጭፍን እርግጠኝነቱ የመጣው ከእነርሱ በኋላ ነው።

ጎ ቱ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ያስፈልጋል። ኮምፒዩተር የተሰጡትን ትእዛዞች ከላይ ወደ ታች በተራ ይፈጽማል። ጎ ቱ ይህን ተራ ሰብሮ ወደዚህ ምልክት ዝለል የሚል ትእዛዝ ነው፤ ምልክቱ ከፊትም ከኋላም፣ በአምስት መስመርም በአምስት ገጽም ርቀት ሊሆን ይችላል። ገጽ 12 ላይ ያለውን አንባቢ ወደ ገጽ 84 የሚልክ፣ ከዚያ ወደ ገጽ 30 የሚመልስ፣ ገጽ 30 ላይ ደግሞ ከየት መጣህ ሳይል ወደ ሌላ የሚያሻግር መጽሐፍ ቢኖር ይመስለዋል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ግን ይህ የሁሉም ፕሮግራመር የዕለት ተዕለት ልማድ ነበር። የማሽኑ የራሱ ቋንቋ በዝላይ የሚሠራ ነው፤ ፎርትራንና ኮቦል የተባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎችም ይህንኑ ወርሰዋል። ጎ ቱን መንካት የአንድን ትውልድ የእጅ ሥራ መንካት ነበር።

ደብዳቤው በኃይለኛ ዓረፍተ ነገር ይጀምራል። ዳይክስትራ ለዓመታት እንደታዘበው፣ አንድ ሰው በሚጽፈው ፕሮግራም ውስጥ ጎ ቱ በበዛ መጠን የጸሐፊው ችሎታ ዝቅ ያለ ሆኖ ይገኛል። ብዙ አንባቢ የተቀየመውም፣ ማንበቡን ያቆመውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቀጥሎ የሚመጣው ግን ስለ እገሌ ድክመት ሳይሆን ደራሲውን ጨምሮ ስለ ሰው ሁሉ አእምሮ ነው። አእምሯችን ባሉበት የቆሙ ነገሮችን ዝምድና ለመረዳት ይቀናዋል፤ በጊዜ ውስጥ የሚፈስን ሂደት በዓይነ ኅሊና መከተል ግን ይከብደዋል። ፕሮግራም ደግሞ ሁለቱንም ነው፤ ወረቀት ላይ የቆመ ጽሑፍ፣ ማሽኑ ውስጥ ደግሞ የሚሮጥ ሂደት። ስለዚህ በጽሑፉና በሂደቱ መካከል ያለው ርቀት በተቻለ መጠን መጥበብ አለበት። እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ እንዲህ እስኪሆን ድረስ ድገም በሚሉ አገባቦች የተሠራ ፕሮግራም፣ ማሽኑ በአንድ ቅጽበት የት እንደደረሰ በጥቂት ቁጥሮች ለመናገር ያስችላል። ጎ ቱ እንደ ልቡ በሚዘልበት ፕሮግራም ውስጥ ይህ አድራሻ ይጠፋል።

የደብዳቤው መጨረሻ ከመጀመሪያው ያነሰ ተነብቧል። ለታሪክ አጥኚ ግን ዋናው ክፍል እርሱ ነው። ዳይክስትራ በዚህ ክፍል ሐሳቡ የእርሱ ብቻ እንዳልሆነ ይናገራል፤ የኮምፒዩተር ሊቃውንቱ ፒተር ላንዲንና ክሪስቶፈር ስትሬቺ ተጽዕኖ እንዳደረጉበት ይጠቅሳል። በ1959 መጀመሪያ ኮፐንሃገን ላይ፣ አልጎል የተባለውን ቋንቋ ለማዘጋጀት በተደረገ ስብሰባ፣ ኦስትሪያዊው ሃይንዝ ዜማኔክ ጎ ቱ ከሌሎች ትእዛዞች እኩል መቆጠሩን በግልጽ እንደተጠራጠረ ያስታውሳል። ከዚህ ጥርጣሬ የሚከተለውን ያን ጊዜውኑ አስቦ ባለመድረሱም በመጠኑ ራሱን ይወቅሳል። የሰው ሁሉ ልማድ ስሕተት ነው ብሎ በተነሣ ጽሑፍ ውስጥ እንዲህ ያለ ቃል እምብዛም አይገኝም።

ሌላም አለ። በ1966 ኮራዶ ቦምና ጁሴፔ ጃኮፒኒ የተባሉ ሁለት ጣሊያናውያን፣ ማንኛውም የፕሮግራም ፍሰት ያለ ጎ ቱ ሊገለጽ እንደሚችል በሒሳብ አሳይተው ነበር። ለሙግት የወጣ ሰው እንዲህ ያለ ማስረጃ ሲያገኝ እርሱን ይዞ መሮጥ ነው ልማዱ። ዳይክስትራ ግን ማስረጃውን በጠቀሰበት ቦታ አስጠነቀቀ። የተጻፈን ፕሮግራም ይዞ ዝላዮቹን አንድ በአንድ በሜካኒካዊ መንገድ መንቀል አይመከርም፣ የሚገኘው ውጤት ከቀድሞው የጠራ ይሆናል ተብሎ አይጠበቅምና። የዘረዘራቸው አገባቦች ለሁሉም ጉዳይ ይበቃሉም አላለም፤ ለምሳሌ ሥራን መሐል ላይ አቋርጦ ለመውጣት ሌላ አገባብ ሊመጣ እንደሚችል ጠቅሶ፣ የሚመጣው ሁሉ የሂደቱን አድራሻ እንዳያጠፋ ብቻ ጠየቀ።

ርዕሱስ? ርዕሱ የእርሱ አልነበረም። በ2001 በጻፈው ማስታወሻ እንደተረከው፣ ወደ መጽሔቱ የላከው መደበኛ ጽሑፍ ነበር፤ ርዕሱም በጎ ቱ ላይ የቀረበ ሙግት መሆኑን ብቻ የሚናገር ነበር። አዘጋጁ ኒክላውስ ቪርት ቶሎ እንዲታተም ብሎ ለአዘጋጁ የተላከ ደብዳቤ አደረገው፣ በዚያውም የራሱን ርዕስ ሰጠው። (ይኸው ቪርት በ1970 ፓስካል የተባለውን ቋንቋ ሲያወጣ ጎ ቱን ከነነፍሱ አቆይቶታል።) የመጀመሪያው ርዕስ መልስ የሚጋብዝ ነበር፤ ሁለተኛው ፍርዱን አስቀድሞ የሚያነብ ሆነ። ዳይክስትራ በዚያው ማስታወሻ፣ ጽሑፉን ከሚጠቅሱት መካከል ብዙዎቹ ከርዕሱ በቀር ምንም እንዳላዩ ይናገራል። አዲሱ ርዕስ ደግሞ ዘር አፈራ፤ እገሌ ጎጂ ነው የሚሉ ጽሑፎች በየመጽሔቱ ፈሉ፣ ዳይክስትራ ራሱ ጎጂ ነው የሚል እስኪመጣ ድረስ።

ነገሩ ለምን እንዲህ እንደጋለ ለመረዳት የሙያውን ዕድሜ ማሰብ ይረዳል። ዳይክስትራ በማርች 1952 አምስተርዳም በሚገኘው የሒሳብ ማዕከል ሥራ ሲጀምር በአገሩ ፕሮግራመር የሚባል ሙያ የለም ማለት ይቻላል። በ1957 ሲያገባ ሙያዬ ይህ ነው ብሎ ቢያስመዘግብ የከተማው ሹማምንት እንዲህ ያለ ሥራ የለም ብለው አልተቀበሉትም፤ በጋብቻ ሰነዱ ላይ የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ባለሙያ ተብሎ ገባ። ማዕረጉ ገና ባልጸና ሥራ ላይ ያለ ሰው አሠራርህ ስሕተት ነው ሲባል ክብሩ አብሮ የተነካ ይመስለዋል።

ደብዳቤው በወጣ በሰባተኛው ወር፣ ከኦክቶበር 7 እስከ 11 ቀን 1968፣ ባቫሪያ ውስጥ ጋርሚሽ በተባለች ከተማ የኔቶ የሳይንስ ኮሚቴ የጠራው ጉባኤ ተደረገ። ከ11 አገሮች 50 ያህል ሰዎች መጡ፤ ሊቀ መንበሩ ጀርመናዊው ፍሪድሪኽ ባወር ነበር። የተሰበሰቡበት ጉዳይ የታወቀ ነው። ትልልቅ የሶፍትዌር ሥራዎች በቀናቸው አይደርሱም፣ ከተመደበላቸው ገንዘብ ያልፋሉ፣ ደርሰውም ይሳሳታሉ። ፒተር ናውርና ብራያን ራንደል ያዘጋጁት ዘገባ ማን ምን እንዳለ በስም እየጠቀሰ አስቀርቶታል። ዛሬ ሲነበብ የሚያስደንቀው የመፍትሔው ብዛት አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ ሰዎችና የኩባንያ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ነገሩ ከአቅማችን በላይ ሆኗል ማለታቸው ነው። የኩባንያዎቹ ሰዎች ይህን የተናገሩት ደንበኞቻቸውም ሊያነቡት በሚችሉት መዝገብ ላይ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በዓመቱ፣ ከኦክቶበር 27 እስከ 31 ቀን 1969፣ ሮም ላይ የተደረገው ሁለተኛ ጉባኤ ግን ሌላ መልክ ያዘ። ችግር አለ ብሎ መስማማት ቀላል ነበር፤ መፍትሔው ምንድን ነው ሲባል ጉባኤተኛው ተለያየ። በአንድ ወገን የፕሮግራም ትክክለኛነት በሒሳብ መረጋገጥ አለበት የሚሉ ቆሙ፤ በሌላ ወገን ብዙ ሠራተኛ እያስተዳደሩ ለደንበኛ ሥራ የሚያስረክቡ ነበሩ። ዳይክስትራ ሙከራ የስሕተትን መኖር እንጂ አለመኖር ሊያሳይ አይችልም ያለው እዚህ ነው። ሁለተኛው ወገን ይህን ሲሰማ፣ ሥራውን ለነገ ማድረስ ያለበት ሰው ምን ያድርግ ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። ዘገባውን ያሰናዱት ጆን በክስተንና ራንደል ጉዳዩን አልሸፈኑም። በተሳታፊዎቹ መካከል መደማመጥ መጥፋቱ የጉባኤው ዋነኛ መልክ ሆኖ እንደታያቸው በመግቢያው ላይ ጻፉ። አለመግባባቱ ራሱ መወያያ ሆነ፤ በጉባኤው መገባደጃም ስለ ንድፈ ሐሳብና ስለ ተግባር ግንኙነት የተለየ ውይይት ተደርጎ ስትሬቺ ቅሬታውን በግልጽ ተናገረ። የተጣላ ጉባኤ ጠቡን ራሱን አጀንዳ አድርጎ ሲቀመጥበት ብዙ ጊዜ አናይም።

አንድ ነገር ግን ከዘገባው ወጥቷል። የአይ.ቢ.ኤም. ባልደረባ የነበረው ቶም ሲምፕሰን፣ ታላላቅ የሥነ ጥበብ ሥራዎችን በምሕንድስና ደንብ ለማምረት ስለተነሡ ሰዎች የሚያላግጥ ጽሑፍ አቅርቦ ነበር። አዘጋጆቹ ከዘገባው እንዲያስወጡት በጉባኤው ጠሪዎች መገፋፋታቸውን ራንደል ከዓመታት በኋላ ጽፏል። ክፍፍሉን ለመመዝገብ ድፍረት ያላቸው ሰዎች ቀልዱን በዘገባው ውስጥ ለማቆየት አልተፈቀደላቸውም።

በኦገስት 1972 ኤ.ሲ.ኤም. ዓመታዊ ጉባኤውን ቦስተን ላይ ሲያደርግ የጎ ቱ ጉዳይ በይፋ ለክርክር ቀረበ። ዊልያም ዉልፍ ተቃውሞ፣ የአይ.ቢ.ኤሙ ማርቲን ሆፕኪንስ ደግፎ ጽሑፍ አቀረቡ። ዉልፍ ባዶ እጁን አልመጣም። በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ እርሱና ባልደረቦቹ ብሊስ የተባለ ጎ ቱ የሌለው ቋንቋ ሠርተው ይጠቀሙበት ነበር፤ በዚያ ቋንቋ ውስጥ ግን ከአንድ ክፍል አቋርጦ መውጫ ትእዛዝ አኑረዋል። ይህ ለሁለቱም ወገን የሚበቃ ማስረጃ ነበር፤ ያለ ጎ ቱ መኖር ይቻላል፣ መውጫ ግን ያስፈልጋል።

በዚያው ጉባኤ፣ ኦገስት 14፣ ዳይክስትራ የቱሪንግ ሽልማት ተቀብሎ ንግግር አደረገ። የንግግሩ ርዕስ «ትሑቱ ፕሮግራመር» ነው። ጭብጡ የ1968ቱ ደብዳቤ ጭብጥ ነው፣ ተስፋፍቶ። ማሽኖቹ በሺህ እጥፍ አደጉ፣ የራስ ቅላችን ግን አላደገም፤ ስለዚህ ብልጠት ከማሳየት ይልቅ በአእምሯችን ልክ መሥራት ይሻላል ይላል። በዚያው ንግግር ግን ፎርትራንንና ፒ.ኤል. ዋንን፣ ማለትም አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ብዙዎች እንጀራ የሚበሉባቸውን ቋንቋዎች፣ ያለ ርኅራኄ ተችቷል። በ1975 በጻፈው ሌላ ማስታወሻ ደግሞ ቋንቋዎቹን በበሽታ ስም እየጠራ ጨከነባቸው። አንዳንድ ጸሐፊዎች ይህን ይዘው ትሕትናው ከአንገት በላይ ነው ብለዋል። እኔ አልስማማም። ሰውየው ለራሱ ጭንቅላት የነበረው ጥርጣሬ እውነተኛ ነበር፤ ያልነበረው ለሰሚው ጆሮ መጠንቀቅ ነው። ሁለቱ ይለያያሉ፤ ሁለተኛው ሲጎድል ግን የመጀመሪያውን የሚሰማ ይጠፋል። በእርሱም ላይ የደረሰው ይኸው ነው።

ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ሐሳቡ ከዳይክስትራ እጅ ወጣ። በአይ.ቢ.ኤም. ሃርላን ሚልስና ቴሪ ቤከር ለኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጣ የመረጃ ማከማቻ 83,000 መስመር ያህል ያለው ፕሮግራም በትንሽ ቡድን አሠርተው ውጤቱን በ1972 አሳተሙ፤ በሥራው ውስጥ ጎ ቱን መተው አንዱ ደንብ ነበር። ቡድኑ የሠራው ብዙ ነገር ነበር፤ አንድ ዋና ፕሮግራመር መሾም፣ ሥራን ከላይ ወደ ታች መዘርዘር፣ የተጻፈውን ሁሉ መዝግቦ የሚይዝ ሰው መመደብ። ለአለቆች የቀለላቸው ግን ሊቆጠር የሚችለው ነው። ጎ ቱ ደግሞ ይቆጠራል። በየመሥሪያ ቤቱ ጎ ቱ ክልክል ነው የሚል መመሪያ ወጣ፤ የድሮ ፕሮግራሞችን ዝላይ ወደሌላቸው የሚገለብጡ መሣሪያዎችም ተሠሩ። ዳይክስትራ በ1968 አይመከርም ያለው እርሱኑ ነበር። አይ.ቢ.ኤም. ሐሳቡን ወስዶ ጎ ቱን ወደ መሻር ብቻ አሳነሰው ብሎ በኋላ አማረረ። በዲሴምበር 1973 ዳታሜሽን የተባለው የንግድ መጽሔት ጉዳዩን አብዮት ብሎ ሲያወጣ፣ በዚያው እትም ላይ ሎውረንስ ክላርክ የተባለ ጸሐፊ ጎ ቱ ከተጠላ በምትኩ «ከዚያ ና» የሚል ትእዛዝ ይኑረን ብሎ ቀለደ። ይህ ቀልድ ከሮሙ ይልቅ ዕድለኛ ነበር፤ ታተመ፣ እስከ ዛሬም ይጠቀሳል።

ከነገሩ ሁሉ እጅግ የሚነበበው ሰነድ የመጣው በዲሴምበር 1974 ነው። የስታንፎርዱ ዶናልድ ክኑት በኤ.ሲ.ኤም. የጥናት መጽሔት ላይ ከገጽ 261 እስከ 301 የሚዘልቅ ጽሑፍ አወጣ፤ ርዕሱም ከነጎ ቱው በሥርዓት ስለ መጻፍ የሚናገር ነው። ክኑት የሚያጣው ነገር ነበረው። ብዙ ቅጽ ያለው ታላቅ መጽሐፉ ቀመሮቹን የሚያቀርበው ወደ እገሌ እርምጃ ሂድ በሚሉ ዝላዮች ነው፤ አዲሱ ትምህርት እውነት ከሆነ የራሱ መጽሐፍ አሮጌ ሊባል ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሚጽፈው ብዙ ጊዜ መከላከያ ነው። ክኑት የጻፈው ግን ምርመራ ሆነ።

ርዕሱን የመረጠው አንባቢ ለመሳብ መሆኑን በመግቢያው ላይ በግልጽ ተናዘዘ። አንዱ ወገን ርዕሱን አይቶ ጎ ቱ ተመለሰልን ብሎ ደስ ሊለው፣ ሌላው ይህ ሰው መቼ ነው የሚነቃው ሊል እንደሚችል ገምቶ፣ ሁለቱም እንዲያነቡ ለመነ። በአንደኛ መደብ የጻፈው የአንድ ሰው አስተያየት መሆኑ እንዳይረሳ ብሎ እንደሆነና ሁሉን አሳምናለሁ ብሎ እንደማይጠብቅ አስታወቀ። ከዚያ የዳይክስትራን የግል ደብዳቤ አወጣ። ዳይክስትራ በዚያ ደብዳቤ፣ በጎ ቱ ላይ ግትር እንደሆነ አድርጎ እንዳያስበው ክኑትን ይማጸናል፤ ሌሎች ሰዎች ነገሩን ሃይማኖት እያደረጉት፣ የፕሮግራም ሥራ ችግር ሁሉ በአንዲት የአጻጻፍ ዘዴ የሚፈታ እያስመሰሉት መሆኑ ጭንቅ እንደሚለውም ይነግረዋል። ደብዳቤው ባይታተም ኖሮ ዛሬ የምናውቀው ዳይክስትራ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

ቀጥሎ ክኑት ትንንሽ ፕሮግራሞችን ጠረጴዛው ላይ አወጣ። አንደኛው ይህን ይመስላል። በሰንጠረዥ ውስጥ አንድ ዋጋ ይፈለጋል፤ ከተገኘ ስንት ጊዜ እንደተፈለገ የሚቆጥረው ቁጥር በአንድ ይጨመራል፣ ካልተገኘ ዋጋው መጨረሻ ላይ ይገባል። ፍለጋው ሁለት መውጫ አለው፤ አንዱ ማግኘት፣ ሌላው ሰንጠረዡ ማለቅ። ያለ ጎ ቱ ሲጻፍ ከፍለጋው ከወጡ በኋላ በየትኛው በር ነው የወጣሁት ብሎ እንደገና መጠየቅ ይመጣል፤ በጎ ቱ ሲጻፍ ይህ ጥያቄ አያስፈልግም። ነጥቡ ለጎ ቱ ወገን የሚቆጠር ይመስላል። ክኑት ግን አልቆመም። የሚፈለገው ዋጋ አስቀድሞ በሰንጠረዡ መጨረሻ ላይ ከተቀመጠ ፍለጋው ሁልጊዜ ያገኛል፤ ሁለተኛው መውጫ ይጠፋል፣ ፕሮግራሙ ከሁለቱም ይፈጥናል፣ ጎ ቱም አያሻውም። ተከራካሪዎቹ ስለ ትእዛዙ ሲጨቃጨቁ ማሻሻያው ከመረጃው አቀማመጥ ዘንድ ነበር። በሌሎች ምሳሌዎች ደግሞ ጎ ቱን ራሱ እየጨመረ ፕሮግራሙን አሻሽሏል። የድምዳሜው ፍሬ ነገርም ይህ ነው፤ ትልቁ ስሕተት እንደ ድሮው ጽፎ ሲያበቃ ጎ ቱዎችን መልቀም ሥርዓት ያለው አጻጻፍ ነው ብሎ ማሰብ ነው።

በዚያው ጽሑፍ ውስጥ አንድ የሚያስቅ ነገር አስፍሯል። በ1971 በዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ ጃፓናዊውን የኮምፒዩተር ሊቅ ኤይቺ ጎቶን አግኝቶት ነበር። የስሙ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ከትእዛዙ ጋር አንድ ስለሆነ፣ ሰውየው በየቦታው እያጠፋችሁኝ ነው ብሎ በደስታ አማረረ። ክኑት በ1984 ሁሉም የሚስማማበት ቋንቋ ይወለዳል ብሎም ተስፋ አድርጎ ነበር። አልተወለደም።

በማርች 1987 ፍራንክ ሩቢን የተባለ ጸሐፊ በዚያው በ1968ቱ መጽሔት ላይ የቀድሞውን ርዕስ በራሱ ላይ ገልብጦ ደብዳቤ ጻፈ። ፈተናው ትንሽ ነበር፤ በቁጥሮች ሰንጠረዥ ውስጥ ሁሉም ዜሮ የሆነበትን የመጀመሪያ ረድፍ መፈለግ። ለወራት መልስ ጎረፈ። ዳይክስትራ፣ ያን ጊዜ በቴክሳስ ኦስተን ያስተምር ነበር፣ በተላላኩት ደብዳቤዎች ማዘኑን የሚገልጽ ማስታወሻ በሜይ ወር ጽፎ የቀረቡትን ፕሮግራሞች ጉድለት ዘረዘረ። ከክኑት በኋላ ይህ ሁሉ ለምን እንዳስፈለገ ለመናገር ይቸግራል። ክኑትን ያነበበ ሰው የሚያስፈልገውን አግኝቶ ነበር።

በፌብሩዋሪ 2014 አፕል በስልኮቹ የምስጢር ግንኙነት ፕሮግራም ውስጥ የተገኘን አደገኛ ቀዳዳ ለመድፈን አስቸኳይ ማሻሻያ አወጣ። ስሕተቱ ሁለት ጊዜ የተጻፈ አንድ መስመር ነበር፤ መስመሩም የጎ ቱ ትእዛዝ ነው። ወዲያው ብዙዎች ዳይክስትራ ነግሮን ነበር አሉ። ኮዱን ለሚያይ ሰው ግን የተደገመው መስመር ሌላ ትእዛዝ ቢሆንም ጉዳት ሊያደርስ ይችል ነበር፤ ጎ ቱው በሲ ቋንቋ ለዘመናት እንደተለመደው ስሕተት ሲያጋጥም ወደ መውጫው ለመሄድ የገባ ነው።

በቀጣዩ ዓመት በ2015 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን ነገሩን በመቁጠር ሊያየው ተነሣ። ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን በሚያስቀምጡበት ጊትሀብ በተባለው ድረ ገጽ ላይ ከሚገኙ ከ11 ሺህ በላይ ማከማቻዎች የሲ ፋይሎችን ሰብስቦ፣ ከእነርሱ 384ቱን ናሙና አውጥቶ በዓይን አነበበ። ጎ ቱ በአመዛኙ የሚገኘው በሁለት ቦታ ነበር፤ ስሕተት ሲያጋጥም ሥራን አቋርጦ ለመውጣት፣ እና ከመውጣት በፊት የተያዘውን ማኅደረ ትውስታና ሌላ ነገር ለመልቀቅ። ፕሮግራመሮቹ እንደ ልብ የሚያዘልለውን የድሮውን አጠቃቀም በአብዛኛው ትተውታል፤ በዚህ ጠባብ ልክ የሚጠቀሙበትን ጎ ቱ ጎጂ ሆኖ እንዳላገኙትም ተመራማሪዎቹ ጻፉ።